«የጥሊሊ ብርድ ራሱ ፍሪጅ ነው» ለምትሉ

ዛሬ ወደ ጓዳችን ላስገባችሁ ነው። የሰጣችሁት ደም፣ አክታ ወይም ሰገራ እዚሁ የማይመረመር ከሆነ እንዴት እንደሚጓዝ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

በረዶ ሲጠፋ «ኧረ የጥሊሊ ብርድ ራሱ ፍሪጅ ነው!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ግን ናሙናው እዚህ አይቀርማ! ለፖሊዮ ቅኝት የሚወሰድ ሰገራ የሚመረመረው አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። መኪናው ቡሬን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እዚያ ሙቀት ውስጥ የእኛ ብርድ ምን ይፈይዳል?

ፖሊዮን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከለፈሰፈ፣ ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት መወሰድ አለበት። ከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደተጠበቀ፣ በተላከ በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ላቦራቶሪው ቫይረሱን ሕያው ሴል ላይ አራብቶ ነው የሚፈልገው። መንገድ ላይ ከሞተ ውጤቱ «የለም» ይሆናል፤ ቫይረሱ ግን ሰፈር ውስጥ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊዮ ሶማሌ ክልል ውስጥ ተመልሶ ታይቶ እንደነበር አንርሳ።

ታዲያ በረዶ ማብዛትም መፍትሔ አይደለም። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ አይስ ፓክ ከደም ብልቃጥ ጋር ከተጣበቀ ደሙ በረዶ ይሠራል፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ፖታሺየም ያለ በሽታው ከፍ ብሎ ይመጣል። ሐኪሙም የሌለ በሽታ ሊያክም ይነሳል! ኤች አይ ቪ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ወረቀት ላይ የሚደርቀው የደም ጠብታ ደግሞ ጭራሽ በረዶ አይፈልግም። የእሱ ጠላት እርጥበት ነው፤ በክረምታችን ደግሞ እርጥበት ሞልቷል።

አስተሻሸጉም የራሱ ነገር አለው። ብልቃጡ በደንብ ይከደናል፣ ቢፈስ የሚመጥ ጥጥ ተደርጎበት በማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ ይገባል፣ ከዚያ ጠንካራው ሳጥን። የመጠየቂያው ወረቀት ለብቻው ፌስታል ውስጥ ይሁን፤ በረዶው ሲቀልጥ ቀለሙ ይለቅና ናሙናው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰገራ የተላከበት ሳጥን ደግሞ ተመልሶ ክትባት አይያዝበትም።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አይስ ፓክና ቴርሞሜትር ሁልጊዜ በጀት ሲቀነስ ቀድመው የሚሰረዙ ዕቃዎች ናቸው። ኪሳራው የሚወድቀው ግን ከገጠር ቀበሌ በእግሯ መጥታ «ናሙናሽ ተበላሽቷል፣ ድገሚ» በምትባለው እናት ላይ ነው። ስትደግም ድጋሚ የምትከፍልበት ጊዜም አለ። ይሄ በጭራሽ ልክ አይደለም። ናሙናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ድጋሚው በነፃ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በግልጽ ይነገራት።

እናንተም «ድገሙ» ስትባሉ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የልጃችሁን ሁለተኛ ናሙና ደግሞ «ትናንት ሰጥቻለሁ እኮ» ብላችሁ አትተዉት።