መጽሐፉን ሙሉውን እናንብበው

ስለ አገር ቤት ትምህርት ሲነሳ እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ግድ ይለናል፤ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሌሊቱን እናጋምሳለን። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ገጽ ፎቶ ነው። ከታሪክ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ተቆርጦ ይለጠፋል፤ የስንተኛ ክፍል ነው፣ ረቂቅ ነው ወይስ የታተመ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ርዕስ ይመጣል፤ ልጆቹ ግን በዚያው መጽሐፍ መማራቸውን ይቀጥላሉ።

ሙሉውን ማግኘት እኮ ከባድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በብዙ ቦታ መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርስ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ተሠራጭቷል። ተማሪው በስልኩ የከፈተውን እኛም ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆነን መክፈት እንችላለን።

አንብበን መምከራችን ይጠቅማል፤ ሕዝብ ያልመከረበት የትምህርት ለውጥ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ለሕዝብ ሳይገለጥ ከረመ። ወሬው ሲወጣ ወላጆች ልጆቻችን ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይዘልቁ ሊደረግ ነው ብለው ሰጉ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ። ጥናቱ ለገጠር ልጆች የሚበጅ ሐሳብም ነበረው፤ እሱም አብሮ ቀረ።

ቴክኖሎጂ ስለገባ ብቻም ነገር አይቃናም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። በሳተላይት ይመጣ የነበረው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅ፣ ራሱ ይመልስ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰው ነበር። እኛም ከውጭ እየተናገርን የማንሰማ ከሆንን ከዚያ ፕላዝማ በምን እንሻላለን?

ስለዚህ ክርክሩን ከመምህሩ እንጀምር። ሁላችንም ዘመድ ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛ መምህር አናጣም። ዙም ላይ ግባ አንበለው፤ ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የሞባይል ካርድ እንላክለትና በሚመቸው ሰዓት በድምፅ መልእክት ይንገረን፦ የትኛው ምዕራፍ በተመደበለት ክፍለ ጊዜ አያልቅም? የትኛው ሙከራ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ይዘለላል? ተማሪው የቱ ጋ ሲደርስ ግራ ይገባዋል? ስሙ እንዲወጣ ካልፈለገ በምንም ምክንያት አይውጣ። የሒሳብና የፊዚክስ ሙያ ያላችሁ ደግሞ መልእክቱን እየሰማችሁ መጽሐፉን አብራችሁ ግለጡ፤ ከእኛ የሚጠበቀው የሙያ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ወላጆች አስተያየት የመስጠትን ወግ ታውቁታላችሁ፤ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ይደርሳችኋል፣ በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ ተመዝግቦ መናገር ይቻላል። እዚያ አጭርና ማስረጃ የያዘ ንግግር እንደሚሻል አይታችኋል፤ ወደ አገር ቤት የምንልከው አስተያየትም እንደዚያው ይሁን።

የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍትን የሚያዘጋጁት ክልሎች ስለሆኑ አስተያየቱ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ በክልሉ የሥራ ቋንቋ ይጻፍ፤ የሁለተኛ ደረጃው ለትምህርት ሚኒስቴር። የገጽ ቁጥር፣ ስሕተቱ፣ የሚተካው ዐረፍተ ነገር፣ ይኸው ነው። ግልባጩ ለዚያው ለነገረን መምህር በቴሌግራም ይላክለት፤ የተሳሳትነው ካለ ለቢሮው ወይም ለሚኒስቴሩ ከመላኩ በፊት እሱ ያርመን።