አካል ጉዳተኛው ሲያረጅ ጧሪው ማነው?



አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሲታወጅ እኛም ደስ ብሎናል። ክትባቱ ሳይደርሳቸው በልጅነታቸው እግራቸው የሰለለ ወገኖቻችን ግን ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ስለ እነርሱ የሚናገር የለም።

በፖሊዮ የተጎዳ ሰው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ጡንቻው እንደገና ሊዳከም፣ ሰውነቱ ሊዝል፣ መገጣጠሚያው ሊያመው ይችላል። ዕድሜውን በክራንች የሄደ ሰው ትከሻው ያልቃል። እግር ሆኖ የኖረው ክንድ ሲደክም እንጀራው አብሮ ይቋረጣል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምናና ድጋፍ የሚያቃልለው ችግር ነው። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በተነሡት ግጭቶች አካላቸውን ያጡ ወጣቶቻችንም ነገ ያረጃሉ።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 ወጣ። በ2002 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸደቀ። ገዥዎቻችን ሕግ በማውጣት አይታሙም። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ግን መደበቂያ አደረጓት። ለስብሰባና ለድግስ የሚፈቅደው አቅም ለክራንች ሲሆን ይጠፋል!

የ1999ኙ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ አደረጋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ግን የዓለም አማካይ 15 በመቶ ገደማ ነበር። ላልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝም።

ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ የተከፈተባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ከጃናሞራና ከበየዳ ተራሮች ለሚነሣ አረጋዊ ግን ደባርቅ ከደረሰ በኋላ እንኳ ጎንደር ገና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። የጡረታ ሥርዓቱም በዋናነት የሚያቅፈው መዋጮ የተከፈለለትን ደመወዝተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ያደረውን ጫማ ጠጋኝ፣ ልብስ ሰፊና ሎተሪ አዟሪ በተግባር አይደርሰውም።

ስለዚህ ድርጅታችን ሲመረጥ፦

1. በየወረዳው ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ አገልግሎትና የክራንችና የዊልቸር ጥገና እንዲኖር በጀት ያስመድባል፤

2. ክራንች፣ ዊልቸርና ሰው ሠራሽ አካል በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በግልጽ እንዲሸፈኑ ያደርጋል፤

3. ጡረታ ለሌለው አረጋዊ አካል ጉዳተኛ በሕግ የተወሰነ ወርሃዊ ድጎማ እንዲከፈል አዋጅ ያቀርባል፤

4. መወጣጫ የሌለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጊዜ ገደብ እንዲስተካከል ያስገድዳል።

ምጽዋት የምእመኑ በጎ ፈቃድ ነው፤ መብትን ማስከበር ግን የመንግሥት ግዴታ ነው። የወጣቱም የጤነኛውም ነገ እርጅና ነው። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን አስቡ!