ጫጩት ከመታደሉ በፊት መመገቢያው ይታሰብ

በገጠር ቀበሌዎችና በከተሞች ዳርቻ የዶሮ እርባታ እየተስፋፋ መሆኑ የሚታይ ነው። በተለይም የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ወደ ወረዳዎች ሲጓጓዝ ማየት የተለመደ ሆኗል። ስለ መኖ ዋጋና ስለ ፈንግል ክትባት በየስብሰባው ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ጫጩቱ በምን ዕቃ እንደሚመገብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከጓዳ የተገኘው ሳህን፣ ድስት ወይም ጣሳ ይቀርብለታል። ከቤተሰቡ ጥሪት ወጥቶ፣ አንዳንዴም በብድር የተገዛ ጫጩት በዚሁ ዕቃ ምክንያት ይሞታል።

የአንድ ቀን ጫጩት ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ነው፤ የሀገር ዶሮ ጫጩት ከዚህም ያንሳል። ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ በሆዱ ይዞ ስለሚፈለፈል ሁለት ሦስት ቀን በዚያ ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ቀናት መልቀም ካልለመደ ስንቁ ሲያልቅ ይዳከምና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሞታል። አርቢውም በሽታ ገባብኝ ይላል። በመሆኑም የመጀመሪያው መመገቢያ ዝርግ፣ ጠርዙ ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና ጫጩቱ መኖውን እንደልቡ የሚያይበት መሆን አለበት። የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ወይም በአጭሩ የተቆረጠ የካርቶን ክዳን ለዚህ ይበቃል፤ ሲቆሽሽም ይጣላል። ለስላሳ ፕላስቲክና ወረቀት ግን አይመከርም። ይህ ጽሑፍ የወጣበት ጋዜጣም ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በለስላሳ ነገር ላይ የሚንሸራተት ጫጩት እግሮቹ ወደ ጎን ተከፍተው ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ረዘም ያለ ገንዳ ያስፈልጋል። እስከ ሁለት ሳምንት ዕድሜ ድረስ ለአንድ ጫጩት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የመብያ ቦታ ይታሰባል። 50 ጫጩት ያላት እመቤት ጫጩቶቹ በሁለቱም ወገን የሚበሉበት፣ 65 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ገንዳ ይበቃታል፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚያስፈልገው ቦታ እጥፍ ስለሚሆን ሁለተኛ ትጨምራለች። ቦታ ሲያንስ ጉልበተኛው ይበላል፣ ደካማው ተረግጦ ይቀራል። የገንዳው ከንፈር ከጫጩቱ ጀርባ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፤ ጫጩቱ ባደገ ቁጥር ከሥሩ ጣውላ እየተደረገ ከፍ ይበል። መኖው ከገንዳው ጥልቀት ሲሶውን ያህል ብቻ ይሞላ።

ዋናው ነገር ጫጩቱ ገንዳው ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ገብቶ የሚጭር ጫጩት መኖው ላይ ኩሱን ይጥላል፤ ሌሎቹም ከመኖው ጋር ይለቅሙታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። በኩስ የወጣው የበሽታው ዘር ሌላውን ጫጩት ለማሳመም እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን መቆየት ይኖርበታል። ስለዚህ መመገቢያውን በየዕለቱ አጽድቶ ማድረቅ ትልቅ መከላከያ ነው። በገንዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሽከረከር ቀጭን ዱላ ቢደረግ ጫጩቱ ሊቆምበት ሲሞክር ስለሚዞርበት ይወርዳል። ድስትና ባልዲ ግን ጭራሽ መቅረብ የለባቸውም፤ ገብቶ መውጣት ያቃተው ጫጩት ሌሎች ይከመሩበትና ይታፈናል። ከገበያ የሚገዛው ባለ ቀዳዳ ክዳን መመገቢያ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነው። ጫጩቱ አድጎ ቀዳዳው ሲጠበው ግን ጭንቅላቱ ተይዞ እንዳይቀር በጊዜ መለወጥ አለበት።

ቀርከሃ በሚበቅልባቸው እንደ አዊና ሲዳማ ባሉ አካባቢዎች ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል፤ አንጓው ራሱ ጫፉን ይዘጋል። በሌላውም ቦታ የምግብ ዘይት ጀሪካን በቁመቱ ተቆርጦ ማገልገል ይችላል። ቆርቆሮ ከሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይመታ፤ ስለታም ጠርዝ የጫጩቱን አንገትና እግር ይቆርጣል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ መከልከል አለበት፤ ይኸውም የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ጠንካራ ስለሆኑ በየቤቱ ይፈለጋሉ። ተደጋግመው ቢታጠቡም መርዙ አይለቅም፤ ጫጩቱን ይገድላል፣ ከተረፈውም ዶሮ ሥጋና እንቁላል ቤተሰቡ ይመገባል።

የውሃ መጠጫውም እንዲሁ ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ንጹሕ ጠጠር ቢደረግበት ጫጩቱ አይሰምጥም። መመገቢያውም ሆነ መጠጫው በቀጥታ ከማሞቂያው ሥር አይቀመጥ።

ጫጩቶቿን በእናት ዶሮ የምታሳድገው እመቤት ችግሯ ሌላ ነው። መሬት ላይ የተበተነውን እህል እናቲቱና ሌሎቹ ዶሮዎች ቀድመው ይለቅሙታል፤ ገንዳም ቢቀርብ እናቲቱ ስትጭር ትገለብጠዋለች። ጫጩት ብቻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት ተደፍቶ መኖው ከውስጡ ቢቀመጥ ትንንሾቹ ገብተው ይበላሉ፣ ትልልቆቹ ውጭ ይቀራሉ። ቅርጫቱ ከጭልፊትም ይከልላቸዋል። በሀገራችን ከሚፈለፈሉት የሀገር ዶሮ ጫጩቶች ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ሲታሰብ የቅርጫቱ ዋጋ ምንም አይደለም።

ጫጩት የሚያድሉ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በየገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ናሙና ገንዳ እንዲኖር፣ የአካባቢው አናጢም አይቶ እንዲሠራው ሊያደርጉ ይገባል። የልማት ሠራተኛው ጫጩቱ ከመምጣቱ አንድ ሳምንት በፊት ቤት ለቤት ዞሮ መመገቢያና መጠጫውን በዓይኑ ይይ። ያልተዘጋጀ ቤት ካጋጠመው ተራው ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፍ። ይህ ቅሬታ ማስነሣቱ አይቀርም፤ የዕድላው ቁጥር ሞላ ተብሎ ለሚቀርበው ሪፖርትም አይመችም። ያም ሆኖ ሪፖርቱ ላይ መቆጠር ያለበት በ45ኛው ቀን በሕይወት የተገኘው ጫጩት ነው።