ባለቤት የሌለው ሥራ ይሰምጣል

በገበያ ገጽ ላይ የሰርጓጅ መርከብ ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ጣቃ የሚያከፋፍል፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ወይም ሕንፃ የሚያስገነባ ሰው ከባሕር በታች ጉዳይ የለውም። ይሁን እንጂ ግዢ የሚባለውን ነገር ከነአበሳው ለማየት የፈለገ ከሰርጓጅ መርከብ የተሻለ መማሪያ አያገኝም። ዕቃው ሲታዘዝ ገና ወረቀት ላይ ነው። ገዢው አንድ መንግሥት፣ ሻጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሥራው ዓመታት ይፈጃል። ጉድለቱም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሰዎች ውስጡ ገብተው ውኃ ውስጥ ከጠለቁ በኋላ ነው።

በኤፕሪል 2024 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ግንባታ ፕሮግራሞቹን ለ45 ቀናት መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። «ኮሎምቢያ» ከሚባለው አዲስ የሰርጓጅ መርከብ ዓይነት የመጀመሪያዋ ከ12 እስከ 16 ወራት እንደምትዘገይ ተገለጸ። ለመዘግየቱ ምክንያት መደርደር አይቸግርም። የሠለጠነ ሠራተኛ እጥረት አለ፣ በቀጠሮው ያልደረሰ ዕቃም አለ። የሚቸግረው «ለዚህ ተጠያቂው እገሌ ነው» ብሎ አንድ ስም መጥራት ነው። ለመሆኑ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሥራ ያለ አንድ ስም እንዴት ይመራል? ለጥያቄው መልስ የሚሆን የአንድ መኮንን የሥራ ዘመን አለ። መልሱ ግን ሁለት ገጽታ ያለው ነው።

ከሞተር ክፍል የተነሡ መኮንን

ሃይማን ሪኮቨር በ1900 በዛሬዋ ፖላንድ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበሩ። በ1922 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቁ። ቀጥሎም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። ከ1930 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ያህል ብልሽት በማያጣት «ኤስ-48» በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ላይ ሠሩ። ሰርጓጅ መርከብ ለማዘዝ የሚያበቃውን ፈተና ቢያልፉም አንዲትም ሰርጓጅ መርከብ አዘው አያውቁም። በ1937 ያዘዟት ብቸኛ መርከብ «ፊንች» የምትባል አሮጌ ፈንጂ ጠራጊ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ወደ ምሕንድስናው ዘርፍ ዞሩ። በዚያ ጊዜ የባሕር ኃይል ሥርዓት ይህ ማለት የመርከብ አዛዥነትን ለዘለዓለም መሰናበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በመርከቦች ቢሮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ክፍሉን መሩ። የክፍሉ ሰዎች በቦምብ የተመቱ መርከቦች ላይ እየወጡ የትኛው ማብሪያ ማጥፊያ በንዝረት እንደተሰበረ፣ የትኛው ገመድ እንደተቃጠለ ያዩ ነበር። ዕቃው እንደገና የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከተሰበረው ዕቃ መጀመር የሚለው ልማድ ከሪኮቨር ጋር እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

በ1949 የባሕር ኃይሉ የኒውክሌር ማብለያ ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ ነጋዴ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ተደረገ። ሪኮቨር ሁለት ወንበር ያዙ። በአንድ በኩል የባሕር ኃይሉ መኮንን፣ በሌላ በኩል የሲቪሉ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ባለሥልጣን ሆኑ። በአንድ ሥራ ላይ ሁለት መሥሪያ ቤት ሲገናኝ ደብዳቤ ለወራት ሲመላለስ የኖረ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ጥያቄውን የሚጽፈውም ፈቃዱን የሚሰጠውም አንድ ሰው ሆነ። ከዚህ በኋላ «ፋይሉ እነሱ ዘንድ ነው» የሚል ምክንያት አልነበረም።

ሁለት ሻጭ፣ አንድ ተቆጣጣሪ

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ዌስቲንግሃውስ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደግሞ በቀለጠ ሶዲየም የሚቀዘቅዝ ማብለያ እንዲሠሩ ተደረገ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል። የመጀመሪያው ማብለያ በአይዳሆ በረሃ የተሠራው ለሙከራ እንዲመች መሬት ላይ ተዘርግቶ አልነበረም። በእውነተኛዋ መርከብ ልክ በተሠራ የብረት አካል ውስጥ ታጭቆ ነው። በበረሃው ላይ የገጠመ መርከቧ ላይም ይገጥማል ማለት ነው። በ1953 ያ ማብለያ አትላንቲክን ለማቋረጥ የሚበቃውን ያህል፣ አራት ቀን ገደማ፣ ሳያቋርጥ እንዲሠራ ተደርጎ ተፈተነ።

«ናውቲለስ» የተባለችው መርከብ ሥራ የተጀመረው በጁን 1952 ነው። በጃንዋሪ 17 ቀን 1955 በኒውክሌር ኃይል ከወደብ ወጣች። በመካከሉ ያለው ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ብቻ ነው። በ1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈች። በሶዲየም የምትሠራው «ሲውልፍ» ግን ማፍሰስ ስላስቸገረች ማብለያዋ ወጥቶ በውኃ በሚሠራ ተተካ። የውኃው ዓይነት ወደ ምድርም ወጣ። በ1957 በሪኮቨር ክፍል መሪነት በሺፒንግፖርት የተሠራው ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ቁጥጥሩ የሚያስደንቅ ነበር። በየፋብሪካውና በየመርከብ መሥሪያው የራሳቸውን ተወካይ አስቀመጡ። ተወካዩ ሪፖርት የሚያደርገው ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን በቀጥታ ለሪኮቨር ነው። በቢሮአቸው ውስጥ የተተየበ ደብዳቤ ሁሉ ሮዝ ቀለም ያለው ግልባጩ ወደ ጠረጴዛቸው ይመጣል። ወደ ኒውክሌር ክፍሉ የሚገባውን መኮንን ራሳቸው ጠይቀው ይመርጣሉ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጂሚ ካርተርም በዚያ ጥያቄ ያለፉ ነበሩ።

ይህ አሠራር ወዳጅ አላፈራላቸውም። የባሕር ኃይሉ የሹመት ቦርድ በ1951 እና በ1952 ሁለት ጊዜ ሳይሾማቸው አልፏል። በደንቡ መሠረት ጡረታ ሊወጡ ነበር። በ1953 የአድሚራልነት ማዕረጉን ያገኙት ምክር ቤቱ ጣልቃ ገብቶ ነው።

የ145 መጋጠሚያዎች ሒሳብ

ስም ያለው ኃላፊነት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ያሳየው ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ነው። «ትሬሸር» የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከጥገና ወጥታ በጥልቅ ውኃ ስትፈተን ሰመጠች። 129 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ መነሻ ሊሆን ይችላል ያሉት የባሕር ውኃ የሚያልፍበት ቧንቧ መጋጠሚያ መላቀቁን ነው።

ሒሳቡን ነጋዴ ሁሉ ሊያየው ይገባል። በመርከቧ ላይ በብር ብየዳ የተያያዙ 3 ሺህ ያህል መጋጠሚያዎች ነበሩ። በጥገናው ጊዜ 145ቱ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተመረመሩ። ከተመረመሩት 14 በመቶው ከደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። ከጆንያው በዝኮ ተወግቶ የወጣው ቡና ከመቶ 14 እጁ ብልሽት ቢሆን ገዢው ቀሪውን ሳያይ ይከፍላል? አይከፍልም። ቀሪዎቹ መጋጠሚያዎች ተመሳሳይ ቢሆኑ ከ400 በላይ ደካማ መጋጠሚያ ይኖራል ማለት ነው። ምርመራው ግን በዚያው ቆመ፣ መርከቧም ወጣች።

ይህን የወሰነው ማን ነው? ሪኮቨር ለምክር ቤቱ ያስረዱት ዋና ነገር ይኸው ነበር። መርከቧ ስትሠራ የመርከብ መሥሪያው አዛዦች፣ የዕቅድ ኃላፊዎችና የዲዛይን ሹማምንት በየጊዜው ተቀያይረዋል። እያንዳንዱ ድርሻውን ፈርሞ ሄዷል። ስለዚህ ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው አልተገኘም። የሪኮቨርም ክፍል ቢሆን ከአደጋው ትምህርት ነፃ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ድንገት የጠፋ ማብለያ የሚነሣበት ሥርዓት ተለውጧል።

በዚያው ዓመት ባሕር ኃይሉ እያንዳንዱ ወሳኝ ዕቃና ብየዳ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደመረመረው በሰነድ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ የደኅንነት ፕሮግራም አቋቋመ። ከ1915 እስከ 1963 ድረስ አሜሪካ ከጦርነት ውጭ 16 ሰርጓጅ መርከቦች አጥታለች። ከዚያ ወዲህ የጠፋችው አንድ ብቻ ናት፤ በ1968 የሰመጠችው «ስኮርፒዮን»። እርሷም የፕሮግራሙን ማረጋገጫ ያላገኘች ነበረች። ወረቀት ሁሉ ቢሮክራሲ አይደለም፤ ስም ያለበት ወረቀት ሕይወት ያድናል።

ቁርጥ ዋጋ ቁርጥ የማይሆንበት ጊዜ

ብዙ አሠሪዎች በቁርጥ ዋጋ ከተዋዋሉ በኋላ ተኝተው ማደር የሚችሉ ይመስላቸዋል። በ1970ዎቹ ኤሌክትሪክ ቦት የተባለው የመርከብ መሥሪያ ለሎስ አንጀለስ ዓይነት ሰርጓጅ መርከቦች በተዋዋለው ዋጋ መጨረስ አቃተው። ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። ሪኮቨር ጥያቄው የተጋነነ ነው ብለው በጽኑ ተቃወሙ። በ1978 በተደረገው ስምምነት ከ843 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ወጪ ውስጥ ድርጅቱ 359 ሚሊዮኑን ኪሳራ ብሎ ሲይዝ ቀሪውን 484 ሚሊዮን ባሕር ኃይሉ ቻለ።

ለምን ቢባል፣ ግማሹ የተሠራ መርከብ ይዞ ወደ ሌላ ሻጭ አይኬድም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሕንፃ ያለው ባለሀብትም ይህን ያውቃል። ውል የሚጠብቀው ገዢ ሥራው ሳይጀመር ሻጭ የመለወጥ አቅም ያለውን ነው። ከተጀመረ በኋላ የሚጠብቀው የብረቱን ኪሎና የሠራተኛውን ሰዓት ከሻጩ እኩል የሚያውቅ የራሱ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ባለቤቱስ በማን ይጠበቃል?

እስከዚህ ድረስ የሪኮቨር ታሪክ ምስጋና ብቻ ይመስላል። አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሲቀመጥ ወንበሩና ሰውዬው ይቀላቀላሉ። በ1981 «ላ ሆያ» በተባለች መርከብ ሙከራ ላይ የ81 ዓመቱ አድሚራል ራሳቸው ትእዛዝ ሲሰጡ መርከቧ ለጥቂት ጊዜ ከቁጥጥር ወጥታ ነበር። በጃንዋሪ 1982 ከ63 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ሳይወዱ፣ ተሰናበቱ።

የከፋው በኋላ መጣ። የኤሌክትሪክ ቦት ባለቤት የሆነው ጄኔራል ዳይናሚክስ በ16 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 67 ሺህ 628 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ እንደሰጣቸው ተረጋገጠ። በውስጡ ለባለቤታቸው የተሰጠ ጌጣጌጥም ነበረበት። በ1985 የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ድርጅቱም የስጦታውን ዐሥር እጥፍ ያህል ተቀጣ። ሪኮቨር መቀበላቸውን አልካዱም፤ ውሳኔዬን አልለወጠውም ነው ያሉት። ይህንኑ ድርጅት ሲሟገቱ መኖራቸው እውነት ነው። ቢሆንም ከሻጭ ስጦታ የተቀበለ ገዢ ከዚያ በኋላ «ውድ ነው» ሲልም «ርካሽ ነው» ሲልም በሙሉ ልብ የሚሰማው የለም።

ታዲያ መፍትሔው ወንበሩን ማፍረስ ነበር? አሜሪካውያን ያን አላደረጉም። ፕሬዚዳንት ሬጋን በፌብሩዋሪ 1982 በፈረሙት ትእዛዝ ሁለቱ ወንበሮች በአንድ ሰው እንደተያዙ እንዲቀጥሉ፣ የኃላፊው ዘመን ግን ስምንት ዓመት እንዲሆን ተወሰነ። ትእዛዙ በኋላ በሕግ ጸንቷል። ስምንት ዓመት ማለት ኃላፊው የፈረመው ሥራ ሒሳቡ እስኪወጣ ድረስ እዚያው እንዲገኝ ለማድረግ በቂ ነው። ወንበሩ የግል ርስት እንዳይመስለው ለማድረግም በቂ ነው።

የአንድ መኮንን ዘመን የሚያስተምረው ይህን ነው። ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራ ሁሉ፣ የአክሲዮን ማኅበር ቦርድም ይሁን ማሽን ከውጭ የሚያዝ ነጋዴ፣ ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። በእኛ በኩል ለዚህ ሥራ የሚጠራው አንድ ስም ማን ነው? ያ ሰው ዕቃውን በእጁ ነክቶት ያውቃል? ሥራው አልቆ ጉድለቱ እስኪታይ ድረስስ እዚያው ይቆያል? ለሦስቱም መልስ ከሌለ የውሉ ውፍረት አያድንም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱ ከነጭራሹ ከሌለ ግን የሚነቀነቀው አጥሩ ብቻ አይሆንም።