ጥቅምትን የሚገዛ ሞተረኛ ቢገኝ

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠጥር፣ ኑጉም ማሳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ከአምቦ በጉደርና በጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው፣ ከዚያም ወደ ነቀምቴ የሚወጣው መንገድ ለሞተር ብስክሌት የተቀየሰ ይመስላል። ከአዲስ አበባ 331 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው ነቀምቴ ታልፋ ወደ ጊምቢ ሲኬድ ደግሞ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይያያዘዋል። ነቀምቴ ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ደዴሳ ላይ ያወልቃል፤ ጊምቢ ሲቃረብ መልሶ ይለብሳል።

ውበቱ አያከራክርም። የገበያው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህን መንገድ ማን፣ በየትኛው ወር ይገዛዋል?

የቱሪዝም ነገር ሲነሳ ለብዙው ባለሀብት ቀድሞ የሚታየው ሎጅ ነው። ደላላውም የሚያሳየው ኮረብታ ላይ ያለ ቦታ ነው። ሞተረኛ ግን ሎጅ ፍለጋ አይመጣም። የሚፈልገው ዘበኛ ያለው ግቢ፣ ሙቅ ውሃ፣ ትኩስ ምግብ (አንጮቴ ከቀረበለትማ ለጓደኞቹ የሚያወራው አገኘ)፣ ንጹሕ ቤንዚንና ጎሚስታ ነው። አሥር ሞተረኞች መጥተው ሁለት ሌሊት ነቀምቴ፣ አንድ ሌሊት ጊምቢ አደሩ እንበል፤ ሠላሳ አልጋ ተከራየ ማለት ነው። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም፤ ያለው ሆቴል ይበቃል።

ወሳኙ ወሩ ነው። ቡናው ሲደርስ፣ ከኅዳር ወዲያ፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና የጭነት ሾፌሩ ከነጀንፈሉ ከተሞቹን ይሞላቸዋል። በውጭ ገዢ ዘንድ ለቀምት በሚለው ስም የሚታወቀው ቡና ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው። ጥቅምት ግን ባዶ ነው። ዝናቡ ቀንሷል፣ የቡናው ብር አልደረሰም፣ አልጋው ጾሙን ያድራል። ስለዚህ የሞተረኛው ጥቅም ከቡናው ጋር መሻማቱ ሳይሆን ቀድሞት መምጣቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚመጣ ሞተረኛ ለሆቴሉ የሚጨምርለት ብዙ የለም።

ደንበኛውስ አለ ወይ? አፍሪካን በሞተር የሚያቋርጡ የውጭ ሰዎች ኢትዮጵያን ያውቋታል። እውቁ ተዋናይ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ ከሱዳን ገብተው በሞያሌ ወደ ኬንያ ወጥተዋል። የለመደው መስመር ይኸው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ነው። ወደ ምዕራብ ለመታጠፍ ምክንያት የሰጣቸው የለም። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ነቀምቴ መሃል መቆሙን እንኳ ስንቱ ያውቃል? በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ዶላር የያዘ እንግዳ በእጁ የሚገባው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጎማና መለዋወጫ መወደዱ ግን የአገሬውን ሞተረኛ ጎድቶታል።

ዋናው ዕዳ ሌላ ነው። ወለጋ ከ2011 ወዲህ ግጭት ውስጥ ከርማለች፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። በሚያዝያ 2015 እና በኅዳር 2016 በመንግሥትና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል ታንዛኒያ ውስጥ የተደረጉት ሁለት ዙር ንግግሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። የውጭ መንግሥታት «አትሂዱ» ባሉት ቦታ አብዛኛው የጉዞ መድን አይሠራም፤ መድን የሌለው አስጎብኚ ድርጅት ደግሞ ቡድን አያመጣም። የአዲስ አበባው ሞተረኛም ቢሆን አስፋልቱን ከመጠየቁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ይጠይቃል።

እስከዚያው በሰላሙ ላይ ተወራርዶ ኮረብታ የሚገዛ ባለሀብት ቁማር ተጫወተ እንጂ ኢንቨስት አደረገ አይባልም። የነቀምቴ ባለ ሆቴል ግን የግቢውን አጥር ቢያጠናክር፣ የውሃ ማሞቂያውን ቢያሠራ አይከስርም፤ ሞተረኛው ቢቀር በኅዳር የቡና ነጋዴው ይታጠብበታል። ቤንዚኑ ነገር ይቀራል። በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝቶ ደዴሳ ዳገት ላይ ሞተሩ የጠፋበት እንግዳ ጓደኛውን ይዞ አይመለስም።