አደራ ጥብቅ ነው



በአቃቂ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ስለ ወንዙ ማማረር ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆነን። አንድ ቀን ጥቁር፣ ሌላ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ሽታው እጓዳችን ድረስ ይገባል። ጎመኑና ሰላጣው ግን በዚያው ውሃ ይበቅላል፤ ገዝተን የምንበላውም እኛው ነን። «ወንዙ የማን ነውና ማን ይከሳል?» የሚሉ አሉ። እኛ ባለቤት አለው እንላለን።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89፣ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በሕዝብ ስም እንዲይዝና ለጋራ ጥቅም እንዲያውል ግዴታ ጥሎበታል። ይህ በእኛ ቋንቋ አደራ ይባላል። አደራ ተቀባይ ንብረቱ ሲበላሽ እያየ ዝም ቢል ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። የአሜሪካ መንግሥትና የአላስካ ግዛት ለተፈጥሮ ሀብቱ የሕዝብ ባለአደራ ነን ብለው ኩባንያውን ጠየቁ። በ1991 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ ከወንጀሉ መቀጫ ሌላ፣ 900 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። ዋናው ቁም ነገር፣ ካሣው የተጠየቀው የተጎዳው ተፈጥሮ እንዲያገግም መሆኑ ነው።

እኛም መንገድ አለን። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው «በግሌ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

«ፋብሪካው ልጆቻችንን ቀጥሮ የለም ወይ?» የሚል ጎረቤት ይኖራል። እውነት ነው፤ ይዘጋም አላልንም። ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ፤ ያበላሸውን ያስተካክል ነው የምንለው። እኛም ብንሆን ቆሻሻና የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዙ እየለቀቅን ሌላውን ብቻ መክሰስ አያምርብንም።

ስለዚህ ወገኖች፣ ውሃው ቀለሙን ሲለውጥ ያየ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ ለማኅበሩ ይስጥ። ወሬ ችሎት ፊት አይቆምም፤ ማስረጃ ግን ይቆማል። አደራ ሰጪው እኛ ነንና፣ ጠያቂዎቹም እኛው እንሁን።