ከትራክተር እስከ ታንክ፦ የጉደሪያን ስልትና የዩክሬን ማሳ

ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ያመረተችው የመጀመሪያው ታንክ በሰነድ ላይ የሰፈረው «የእርሻ ትራክተር» በሚል ስም ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ የተፈረመው የቬርሳይ ውል ታንክ መሥራትንም ሆነ ከውጭ ማስገባትን ስለከለከላት፣ ሥራው በግብርና ስም ተሸፍኖ ተካሄደ። ሽፋኑ ከእውነቱ እጅግ የራቀ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች የሠሩት እንግሊዛውያን በሰንሰለት ከሚሄዱ የእርሻ ትራክተሮች ብዙ ተምረዋልና።

ይህን መሣሪያ ከጦር ስልት ጋር ካዋሐዱት መኮንኖች አንዱ በ1888 የተወለደው ጄኔራል ሃይንዝ ጉደሪያን ነው። ዩክሬን ውስጥ የሚካሄደው ጦርነት «የታንክ ዘመን አበቃ ወይ?» የሚለውን ክርክር ሲቀሰቅስ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ስሙን የሚያነሡት ሁሉ ግን ሐሳቡን በትክክል አይገልጹትም። ጉደሪያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሬዲዮ መገናኛ መኮንን ነበር፤ ስለዚህም ከብረቱ ውፍረት ይልቅ ግንኙነቱን አስቀደመ። ታንክ ለእግረኛ ጦር በጥቂት በጥቂቱ መከፋፈል የለበትም፤ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በተሽከርካሪ የሚጓዝ እግረኛ፣ መድፈኛና መሐንዲስ በእኩል ፍጥነት እየተከተሉት፣ አዛዡም ከፊት ሆኖ በሬዲዮ እየመራው መዝመት አለበት አለ። ይህንኑ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ አብራራ። እውነተኛ ታንክ ባልነበረበት ጊዜ ወታደሮቹ ልምምድ ያደርጉ የነበረው የታንክ ቅርጽ በተደረገላቸው መኪናዎች ነበር።

ውጤቱ በግንቦት 1940 ታየ። የእርሱ ኮር ግንቦት 13 ቀን ሴዳን አጠገብ የሜዝን ወንዝ ተሻገረ፤ በሰባት ቀን ውስጥም አብቪል አካባቢ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። ፈረንሳይ በታንክ ቁጥር አታንስም ነበር፤ አንዳንዶቹም ከጀርመኖቹ ይልቅ ጠንካራ ጋሻ ነበራቸው። ብዙዎቹ ግን ሬዲዮ አልነበራቸውም። ድሉ የጉደሪያን ብቻ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት፤ የአየር ኃይሉ ድብደባ፣ የሌሎች ጄኔራሎች ዕቅድና የእንግሊዝ ጸሐፍት ሐሳብም ነበሩበት። ከጦርነቱ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ የራሱን ድርሻ ማጋነኑን የታሪክ ምሁራን ይናገራሉ። በዚያ ማስታወሻ ብዙ ያልተወራለት ጉዳይም አለ፦ ሂትለር በተያዘችው ፖላንድ ከባለቤቶቹ የተነጠቀ፣ ከ900 ሄክታር የሚበልጥ የእርሻ ይዞታ ሸልሞታል። ፈጣኑ ጦር የተከለው ሥርዓት ገበሬን ከርስቱ የሚነቅል ነበር።

ስልቱን በመጀመሪያ የፈተነው ጭቃ ነው። በ1941 መኸር ወደ ሞስኮ ሲገሰግስ ዝናቡ መንገዱን አላቆ ታንኩንም ነዳጅ ጫኙንም ያዘው፤ ጉደሪያን ቱላን መያዝ ሳይችል ቀርቶ በታኅሣሥ ከአዛዥነቱ ተነሣ።

በ2022 መጀመሪያ ወደ ኪየቭ የተንቀሳቀሰው፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የሩሲያ ሰልፍም መንገድ ላይ ቆመ። የነዳጅ እጥረቱና የዩክሬናውያን ጥቃት ዋና ምክንያቶች ቢሆኑም፣ ከአስፋልቱ ቢወጣ ጭቃው ይውጠው ነበር። በሰኔ 2023 ደግሞ ዩክሬን በተራዋ ከኦሪኪቭ በስተደቡብ በጀርመን ሠራሽ ታንኮች ስታጠቃ ጥቅጥቅ ያለ የፈንጂ ማሳ ገጠማት። ዛሬ በዚህ ላይ ድሮን ተጨምሯል። ጉደሪያን የተማመነው ጠላት ሳያውቅ ኃይልን በአንድ ነጥብ ማከማቸት በመቻሉ ነበር፤ አሁን ከሰማይ የሚመለከት ዓይን አሥር ታንክ አንድ ላይ ሲቆም ያየዋል፣ ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ድሮንም ሚሊዮኖች የወጣበትን ታንክ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ታንኩ በዛፍ ሥር ተደብቆ ከሩቅ የሚተኩስ መድፍ ሆኗል። የሞተው ታንኩ አይደለም፤ የሞተው ድንገተኛነቱ ነው።

የዚህ ሁሉ ዳፋ የሚቀረው ማሳው ላይ ነው። በ2022 የዩክሬን ወደቦች ሲዘጉ የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቦ ኢትዮጵያንም ነክቷል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች የዓለም ምግብ ፕሮግራም መርከብ ወደ ጅቡቲ የመጣችው ለኢትዮጵያ ተረጂዎች ነበር። የዩክሬን ገበሬ ግን ዛሬም ዘር ለመዝራት በፈንጂ ላይ መንዳት አለበት። በካርኪቭ አካባቢ አንድ ገበሬ ያገኘው መላ ከተቃጠሉ የሩሲያ ብረት ለበሶች ጋሻ ነቅሎ ትራክተሩን ማልበስ ነበር፤ ትራክተሩን ያለ ሾፌር፣ ከርቀት እየመራ ማሳው ላይ ይነዳዋል።